ልብ ያላልኩት መስመር

ኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሀኒ ቀለሙ
ደብረ ማርቆስ፣ አክስትሽ ቤት

ሀኒዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ይህን የምጽፈው መነጽሬን አድርጌ ነው። አትሳቂ። ያንቺው መነጽር ነው፤ ከደሴ ገዝተሽ አምጥተሽልኝ «ሽማግሌ ያስመስለኛል» ብዬ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የሸሸግኩት። አሁን ከአፍንጫዬ አይወርድም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ላውራሽ፤ አንደኛ ናፍቀሽኛል፣ ሁለተኛ ደግሞ ዋናውን ለመናገር ድፍረቱ ገና አልመጣልኝም።

ደብዳቤ የመረጥኩት ስልኩ ስላቃተኝ ነው። ስደውል አክስትሽ የኔነሽ ታነሳና ላንቺ ትሰጥሻለች። «አባዬ» ትያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የምሰማው ትንፋሽሽን ብቻ ነው። «በላሽ?» እላለሁ። «እ» ትያለሽ። «እዚያ ይዘንባል?» እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ መካኒክ ሆኜ ያልተነሣልኝ ማሽን አልነበረም። ያንቺን ዝምታ ግን በየት በኩል እንደሚፈታ አላውቅም። የኔነሽ እንደነገረችኝ መናገር እንጂ ማንበብ አልተውሽም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግተሽ ታነቢያለሽ አለችኝ። እንግዲያው እኔንም አንብቢኝ።

የተከልሽው ፓፓያ አፍርቷል። እኔ ብቻዬን ስለማልጨርሰው ለጎረቤት አድላለሁ፤ ጎረቤቱም ሰልችቶት አሁን አሁን ሲያየኝ በር ይዘጋል። ከደረቅ ወደቡ የሚወጣው የጭነት መኪና ብዛቱ ጨምሯል፤ አቧራው እስከ ሳሎን ይገባል። ክፍልሽን በየቀኑ እወለውለዋለሁ። ነጩ ጋወንሽ በሩ ጀርባ እንደ ተሰቀለ ነው። ላውርደው ብዬ ነበር፤ ካወረድኩት የማትመለሺ መሰለኝና ተውኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጸጋው ከደሴ ወርዶ ጠየቀኝ። ይዞልኝ የመጣው ምን ይመስልሻል? ፓፓያ። የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍላችሁ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ጠዋት ለበሽተኛ በር ከመክፈታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ የምትቀመጡትን ነገር አልተዉትም። ነርሶቹም፣ ካርድ የምታወጣዋም፣ ዘበኛውም ሳይቀር ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን ያዳምጣሉ። ጸጋውን ግን እንቅልፍ ያሸንፈዋል። በቀደም አንኮራፍቶ፣ በር ላይ ወረፋ የያዙ አንዲት እናት «ውይ፣ ሐኪሙንም አመመው እንዴ?» ብለው ግቢውን በሣቅ ገደሉት አለኝ።

እኔም ሣቅኩ። ከዚያ ሻዩን አስቀመጠና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «ሀኒ ይህን አምስት ደቂቃ ለሁላችንም አመጣችልን፤ እሷ ግን አንድም ቀን አብራን አልተቀመጠችም። ሰዓት ትይዝልን ነበር። እኛ ዓይናችንን ስንጨፍን እሷ የቀኑን ካርድ ትደረድራለች። ሥልጠናው እኮ ለበሽተኛው ብቻ አልነበረም፣ ለኛም ነበር። እሷ የስልሳ ሰው ጭንቀት ተሸክማ ነበር በየቀኑ የሃረጎን ቁልቁለት የምትወርደው።»

ይህን አላውቅም ነበር ሀኒ። ማታ ስትገቢ «ደከመሽ?» እልሽ ነበር፣ «አልደከመኝም» ትይኝ ነበር። አምንሽም ነበር። ማመኑ ይቀለኝ ስለነበር ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ ሥልጠና የተመለስሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ጥቅምት ውስጥ ነው። ሻንጣሽን ሳታስቀምጪ ነበር ማውራት የጀመርሽው። ሰው ጭንቀቱን ሳይታገለው፣ ሳይሸሸው፣ አሁን ያለበትን ልብ ብሎ መቀመጥን ይማራል፤ ሐሳቡ ሲሸሽበት ራሱን ሳይቆጣ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል፤ ይህን የለመደ በሽተኛ ሲብስበት ቶሎ ያውቀዋል፣ የለመደ ሐኪምም ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ሌላ ቦታ አይሄድም አልሽኝ። የፈረንጁን ስም ግን ወደ አማርኛ መመለስ አቅቶሽ ነበር። ጸጋው «ንቁ መሆን» እንበለው ብሎ፣ አንቺ «የቀበሌ ስብሰባ አስመሰልከው» ብለሽው ተጣልታችኋል። እኔ ወጤን እየጠቀስኩ «ልብ ማለት በይዋ» አልኩሽ። እጅሽን ከትሪው አንስተሽ አየሽኝ። «አባዬ፣ ይኸው ነው እኮ» አልሽ።

እኔም ተበረታታሁና የፋብሪካውን ነገር አመጣሁ። ድር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ቀጥ ይላል። የተበጠሰችውን ክር ትፈልጊያታለሽ፣ ትቋጥሪያታለሽ፣ ማሽኑን ታስነሺዋለሽ። በቀን መቶ ጊዜ ቢበጠስ መቶ ጊዜ ነው። ጀማሪ ሸማኔ ይናደድና ክሩን ይጎትታል፤ ያኔ አንዱን ሲል አሥሩን ይበጥሳል። የለመደ ሰው ክር አይሳደብም። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አልኩሽ። ደብተር አውጥተሽ ጻፍሽው። ከዚያ በኋላ ለበሽተኞችሽ «የአባቴ ክር» እያልሽ ማስተማር ጀመርሽ። ከደሴ ዙሪያ የሚመጡት ገበሬዎች «ሐሳብ በዛብኝ» ማለት ትተው «ዛሬስ ክሬ ሲበጠስ ዋለ» ማለት ጀመሩ ብለሽ ስትነግሪኝ፣ በማግስቱ ገበያ ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማንም ምንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበርና ኩራቱ አናቴ ላይ ወጣ። ነገሩን ሁሉ ያመጣው ያ ኩራት ነው።

አሁን ወደ አሚር ልምጣ። ስሙን ሳነሳ ደብዳቤውን አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው እለምንሻለሁ። የምነግርሽ የማታውቂው ነገር አለ። በቅደም ተከተል ካልነገርኩሽ ራሴን ላድን የምሞክር ይመስለኛል፤ ስለዚህ የምታውቂውንም ጭምር እደግመዋለሁ።

ጀላል ሸማኔ ነበር፣ እኔ መካኒክ፤ አንድ ፈረቃ ነው ያረጀነው። ልጁ አሚር ልብስ ሰፊ ሆኖ፣ እጁ ጥሩ ሆኖ፣ በሃያ አንድ ዓመቱ ታመመ። የስፌት መኪናው በስሜ እየጠራ ይሰድበኛል አለ። አንቺ ተቀበልሽው፣ ኪኒን ተሰጠው፣ ስድቡ ቆመለት። ሁለት ዓመት ተኩል ደህና ሆነ። ደህና ማለቴ፣ ከኪኒኑ የተነሣ ያንቀላፋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም፤ ግን ቤቱ ነበር፣ እናቱ ሐዋ የሠራችውን ይበላ ነበር፣ ሲጠሩት አቤት ይል ነበር።

ኅዳር ላይ ለሱም የትንፋሹን ነገር አስተማርሽው፤ በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይም ጻፍሽለት። ለምን በማዘዣ እንደምትጽፊ ጠይቄሽ ነበር። የኛ ሰው በቃል የተነገረውን ምክር ይለዋል፣ በማዘዣ የተጻፈውን ግን ያከብረዋል አልሽኝ። ልክ ነበርሽ። እነሱም አከበሩት፤ ኪኒኑን ትተው እሱን ያዙ። ጥር ላይ ስድቡ ተመለሰ። የካቲት 3 ቀን አሚር ለሱብሂ ሶላት ብሎ በነጠላ ጫማ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ሥራሽን ትተሽ ፈለግሽው። ሐርቡ ወረድሽ፣ ከሚሴ ሄድሽ፣ ፎቶውን ይዘሽ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ዞርሽ። ከዚያ መሥሪያ ቤታችሁ ግምገማ ተጠራ። ጸጋው እንደነገረኝ ማንም ሳይጠይቅሽ ተነሥተሽ ግለ ሂስ አወረድሽ። «በማዘዣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከኪኒኑ ጋር ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ አልጻፍኩም። ጥፋቱ የኔ ነው» አልሽ፤ እነሱም በቃለ ጉባኤ ያዙት። ወረቀቱ የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ጋወንሽን በሩ ጀርባ ሰቀልሽና ወንበር ላይ ተቀመጥሽ። ምግብ አቀረብኩ፣ አልነካሽም። ቄስ ጠራሁ፣ ጸበል አመጣሁ፣ ጸጋውን ጠራሁ። መጨረሻ ላይ ለእህቴ ለየኔነሽ ደውዬ፣ ነይና ውሰጂልኝ፣ እኔ አልቻልኩም አልኳት።

ይህን ያህሉን ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው ይኸውልሽ። ከየካቲት ወዲህ ሰኞ ሰኞ ባቲ እሄዳለሁ። የምሸጠው ግመል የለኝም፤ ከጀላል ጋር አሚርን ለመፈለግ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ከአፋርም፣ ከኦሮሚያ ዞንም፣ ከላይ ከደጋውም ሰው የሚፈስበት ስለሆነ፣ የጠፋ ሰው አንድ ቀን ያልፍበታል ብለን ነው። በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ልጅ ከሩቅ አይቼ «አሚር!» ብዬ ሮጬ ትከሻውን ብይዘው የሌላ ሰው ልጅ ሆነ። ቀና ብሎ የነበረው የጀላል ፊት እንደገና ሲወድቅ አየሁት። በማግስቱ መሳቢያውን ከፍቼ መነጽርሽን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አላወለቅኩትም።

ትናንትም ሄድን። አንድ ጨው ነጋዴ ፎቶውን አገላብጦ አይቶ፣ ወደ ሚሌ በኩል አንድ እሱን የሚመስል በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ አለን። መቼ ስንለው ፋሲካ አካባቢ አለ። እሱን የሚመስል ስንት ሰው አለ። ተመለስን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጀላል «ቤት ግባ፣ ሐዋ ምሳ አስቀምጣለች» አለኝ። እስከ ትናንት ሲጠራኝ ሰበብ እየፈጠርኩ እቀር ነበር፤ ትናንት ግን ሰበብ አለቀብኝ።

ስንገባ ሐዋ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ተጨፍኗል፣ እጇ ጭኗ ላይ ነው። ያመማት መስሎኝ ደነገጥኩ። ጀላል በእጁ ዝም በል አለኝና በር ላይ ቆመን ጠበቅናት። ቆይታ ዓይኗን ገለጠች፣ እኔን ስታይ ሻሿን አስተካከለች።

«አፉ በሉኝ ጋሽ ቀለሙ፣ አላየኋችሁም» አለችኝ። «የጠዋቱ ስላመለጠኝ ነው። እንግዳ ነበረብን።»

«የምኑ ጠዋት ነው ሐዋ?» አልኳት።

«የአሚር ነዋ። ሲስተር ያዘዘችለት።» እንግዳ ነገር እንደጠየቅኳት አየችኝ። «ልጄ ያለበት ቦታ ሆኖ ይህን አይሠራው። ማን ያስታውሰዋል? እኔ ልሥራለት ብዬ ነው። ከሱብሂ በኋላ እቀመጣለሁ፣ ከመግሪብ በኋላ እቀመጣለሁ። አላህ ካለ ከኔ ወደሱ ይደርሰው ይሆናል። ሐኪም ያዘዘው ነገር እንዴት ይቋረጣል?»

እንዲህ አለችኝ። ግድግዳውን አየሁ፤ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ያ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ሐዋ ማንበብ አትችልም፤ እንዳይጠፋባት ነው የለጠፈችው። ጠጋ አልኩ። መነጽር አድርጌአለሁ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ። እታች፣ ከፊርማሽ በላይ፣ ቦታ ጠቦሽ ይመስለኛል አጥብበሽ የጻፍሽው አንድ መስመር አለ። ስለ ኪኒኑ ነው። እንዳይቋረጥ የሚል ነው።

ሀኒ፣ ጽፈሽዋል። አልጻፍኩም ብለሽ ስብሰባ ፊት የቆምሽበትን ነገር ጽፈሽዋል። በቀን ስልሳ ሰው የሚያይ የጻፈውን ሁሉ ሊያስታውስ አይችልም፤ የተጻፈው ግን አለ፣ በገዛ እጅሽ ጽሕፈት።

አሁን ድፍረቱ መጣም ቀረም እነግርሻለሁ። ያን ወረቀት ለነጀላል ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ከደሴ ሲመለሱ ደጄ ላይ ቆሙ። ጀላል ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራል እንጂ የአማርኛ ጽሕፈት፣ በተለይ የሐኪም፣ አይሆንለትም። «ቀለሙ፣ እስቲ የልጅህን ወረቀት አንብብልን። ነግራን ነበር፣ ሃረጎን ስንወርድ ጠፋብኝ» አለኝ። መነጽሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ልግባና ላምጣው ብል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ወረቀቱን ከዓይኔ አራቅ አድርጌ ያዝኩት። ከላይ «ትንፋሽ» የሚለው ጎላ ብሎ ታየኝ፣ ቀጥሎ «ልብ ማለት» የሚለው፣ ቀጥሎ «ክር» የሚለው። የኔው ቃል፣ የኔው ክር። ሌላውን ማንበብ ምን ያስፈልገኛል? በቃሌ አወረድኩት። በርጩማ አውጥቼ አሚርን አስቀመጥኩት፣ እንደ አስተማሪ ቆሜ እንዴት እንደሚተነፍስ አሳየሁት። አንቺ ብታዪኝ በሣቅ ትሞቺ ነበር።

ሊሄዱ ሲሉ ጀላል «ኪኒኑስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

የልጁን እጅ አየሁ፤ ይንቀጠቀጣል። እነዚያ የጋቢ ጫፍ የሚሰፉ ጣቶች። አሳዘነኝ። ደግሞም ዐዋቂ ሆኜ ነበር። «ይሄ አዲሱ ነው» አልኩት። «ሐኪም አዲስ ወረቀት ሲጽፍ የድሮው ይቀራል።» ይህን ማንም አልነገረኝም። እርግጠኛ ሆኜ የተናገርኩት እርግጠኛ መሆን ስላማረኝ ነው።

አንድ ወር ልጁ አበባ መሰለ። እንቅልፉ ለቀቀው፣ የእጁ መንቀጥቀጥ ቆመ፣ ፊቴ መርፌ ውስጥ ክር አስገብቶ አሳየኝ። ታኅሣሥ ላይ አንቺ «አሚር ቀጠሮው አለፈበት፣ ደህና ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩሽ። ሳላስበው አይደለም። እጁን ይዤ ደሴ አምጥቼ፣ ያለ ኪኒን ክር ሲያስገባ ላሳይሽና ላስደንቅሽ ነበር ሐሳቤ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ግምገማው ላይ በዋልሽበት ቀን፣ ማታ እራት ላይ «አባዬ፣ ግን ኪኒኑን ተዉ ብሎ ማን ነገራቸው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ጠረጴዛው ማዶ ነበርኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩሽ። ዓይንሽ ከኔ ላይ ተነሥቶ ወደ ራስሽ ሲዞር አየሁት። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ዛሬ ሥራሽ ላይ ነበርሽ። ፈራሁ። አሚርን ያጣን መስሎኝ ነበርና አንቺንም እንዳላጣ ፈራሁ፤ በዚያው አጣሁሽ።

ቃሉ ከኔ አፍ እንደ ወጣ ጀላልም ያውቅ ነበር። ሁሌም ያውቅ ነበር። ሆስፒታል ሲጠየቅ «እኛው ነን የተሳሳትነው» ብሎ ስሜን ዋጠው፤ ከሦስት ወር በላይ ባቲ ድረስ አብሮኝ ሲሄድ አንድ ቀን አላነሳብኝም። ትናንት ከቤቱ ስወጣ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። «ጀላል፣ ተጽፎ ነበር እኮ» አልኩት። «ኪኒኑ እንዳይቋረጥ ተጽፎ ነበር። እታች።»

ቆመ። ሦስት የጭነት መኪና አለፈ። «ለሐዋ እንዳትነግራት» አለኝ። «ሰብር የምታደርገው፣ የምትጽናናው በዚያ ወረቀት ነው።» ከዚያ ትንሽ ሄድ ብሎ «ለልጅህ ግን ንገራት» አለኝ።

«ትጠላኛለች።»

«ትጥላህ» አለ። «የኔ ጠልቶኝም ቢሆን ቢመጣ ወላሂ በወደድኩ።»

አፉ በለኝ አልኩት። ታውቂያለሽ፣ የኛ አገር ሰው ነገሩ ሲከብደው ይቅር በለኝ ማለት አይበቃውም። ጀላል ወደ መሬት አየና «አፉ ብዬሃለሁ» አለኝ። «አሁን ግን በአፌ ነው። ልቤ ሲደርስ እነግርሃለሁ።» ዞሮ ሊሄድ ሲል ደግሞ «ሰኞ እንዳትቀር» አለኝ።

ነገ ደሴ እወጣለሁ። ለኃላፊያችሁ ወረቀቱ ላይ ያለውንም እኔ ያልኩትንም እነግረዋለሁ። ቃለ ጉባኤውን ያርሙት እንደሆነ አላውቅም። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ስላልሆንክ አይመለከትህም ብለው ከበር ይመልሱኝም ይሆናል። ጸጋው ግን ያውቃል ኃላፊው ጋ እንዴት እንደሚገባ።

ይህ ደብዳቤ ምን እንደሚያደርግሽ አላውቅም ሀኒዬ። ሊያስነሣሽም ይችላል፣ ጭራሽ ሊጥልሽም ይችላል። ጸጋውን ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ እንዳልልከው ይነግረኛል ብዬ ፈራሁ። ተንፍሺ አልልሽም፣ ብዪ አልልሽም፣ ጠንክሪ አልልሽም። ምክር መስጠት ትቻለሁ። የነጀላል ልጅ አሁንም የለም፤ ይህን የሚለውጥ ነገር በእጄ የለም። ጥፋቱ ግን ያንቺ አይደለም፤ ይህችን ብቻ ከዚህ ወረቀት ውሰጂ። ሌላውን እኔ ላይ ጣይው። ስልክ አንስተሽ ብትጮሂብኝ እሰማሻለሁ። መጥተሽ ፊቴ ብታለቅሺ፣ በር ብትዘጊብኝ፣ «አባዬ» ማለት ብትተዪም ድምፅሽን ልስማው። ሰኞ ባቲ ነኝ፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ቤት ነኝ።

እኔም በቀደም ልሞክረው ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ አምስት ደቂቃ። ያው ክሬ ሲበጠስ ነው የቆየው። አንዴም አልቋጠርኩትም።

እግዚአብሔር እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። ቃልሽን ይመልስልሽ፣ ለቁጣም ቢሆን። አሚርን የሚያየው አምላክ ከሄደበት ያምጣው፤ ሐዋ ዓይኗን ስትገልጥ በሩ ላይ ያቁምላት። የኔነሽን ስላስቸገርኳት ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ ለእሷም የሚላክ ፓፓያ አለ።

አፉ በይኝ ልጄ። በአፍሽ ብቻ ቢሆንም።

አባትሽ
ቀለሙ ኃይለ ሚካኤል

ሐዋ ወረቀቱን ከግድግዳው አታነሳውም። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ገለበጥኩልሽ፦

አሚር ጀላል፣ ዕድሜ 24
ትንፋሽ፦ ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ
ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ልብ ማለት
ሐሳብ ሲመጣ አለመጣላት፤ እንደ ተበጠሰ ክር ቋጥሮ መቀጠል
ልብ ይበሉ፦ ኪኒኑ እንደነበረው ይቀጥላል፤ እንዳይቋረጥ
ሲስተር ሀኒ ቀለሙ